ከአንድ ቦቴ

ሃያ ዓመት ነዳሁት ይህን ነጭ ቦቴ፣
ግማሽ ዕድሜዬ ነው፣ ሁለተኛ ቤቴ።
በዌልስ ኮረብታ፣ የከተማው ቧንቧ ደክሞት በቀረበት፣
በግ ከሰው በሚበዛበት፣ ጭጋግ በሚያድርበት፣
ከየደጁ ቆሜ፣ ጎማዬን ዘርግቼ፣
ጋዝ እየሞላሁኝ፣ ደረሰኝ ሰጥቼ፣
እሄዳለሁ።

የብረት ጋን አለ በየሰዉ ጓሮ፣
መርፌው ይነግረኛል የቤቱን ኑሮ፤
ማን ገና በጥቅምት ማሞቂያ እንደለኮሰ፣
ማን በካፖርት ውስጥ ታኅሣሥን እንደጨረሰ።

ሜሬሪድ ከላይ ናት፣ ጌቲን ከታች በኩል፣
መሃላቸው አጥር፣ አንድ ክንድ የሚያክል።
አንድ ቦቴ፣ አንድ ጎማ፣ ጋዙም ከአንድ ሆድ፣
ዋጋው ግን አጥሩን ሲሻገር ይለያል ዘመድ፤
ለጌቲን ሊትሩ ስልሳ ሁለት ፔንስ፣
ለእርሷ ዘጠና አራት።

ምነው? ብትሉኝ፣ እሱ በየዓመቱ ስልኩን ያነሳል፣
«ልለቃችሁ ነው» ይላል፤ ያኔ ዋጋው ይቀንሳል።
እሷ ዝም ትላለች። ባሏ ኢድዋል፣ ነፍሱን ይማረውና፣
ፈርሞ ነው የሞተው፤ የፈረመውን እጅ አምና፣
በየወሩ ትከፍላለች።

የድርጅቱ ሕግ አጭር ነው፤ ሹፌር ይነዳል፣
የሌላ ደጅ ዋጋ ያወራ ይሰናበታል።
እኔም ልጆች አሉኝ፤ አፌን እንደ ጋኑ ክዳን
ሁለቴ አዙሬ ዘጋሁት፣ ስንት ክረምት፣ ስንት ዘመን።

ባለፈው ጥር ግን፣
መሬቱ እንደ ብርጭቆ ከእግሬ ሥር ሲሰበር፣
ላስፈርም ብገባ፣ ቤቱ ከደጁ ይብስ ነበር።
ሦስቱን ክፍል ዘግታ፣ በአንዱ ተጠቅልላ፣
ከቀዘቀዘው ራዲያተር ላይ ጓንቷን ሰቅላ፣
ሹራብ ትሠራለች። ለማን? «ለራሴ» አለች፣
«ሁለተኛው ነው፤ ከላይ የሚደረብ»፤ ሳቀች።

ብርድና ብድር፣ ሁለት ፊደል ቦታ ቢለዋወጡ፣
ከአንድ በር ነው ለካ ሁለቱም የሚመጡ።

ክሩ ተወሳስቦ ጭኗ ላይ ወድቋል፣
ጣቷ ይዳብሳል፤ ውሉ ጠፍቶባታል።
«ሜሬሪድ» አልኳት፣ ከወለሉ ዓይኔን ሳላነሳ፣
«ክሩን አትጎትቺው፤ ይከራል፣ ይብሳል አበሳ።
ውሉን ፈልጊው መጀመሪያ፤
ውሉ ከተገኘ፣ የቀረው ተፈቺ ነው።
ደግሞ የጌቲን ድመት፣ በዚህ ብርድ እንዴት ወፍራለች!
ከመስኮቱ ሥር ሆዷን ሰጥታ፣ ራዲያተሩ ላይ ትተኛለች።
አንድ ቀን ጠይቂው፣ ምን እንደሚያበላት።»

ቀና ብላ አየችኝ።
መርፌዋ ቆመ።
የኢድዋል ወረቀት ወዳለበት መሳቢያ
ዓይኗ ሄዶ ተመለሰ።
«እጠይቀዋለሁ» አለች።
ብዕሩ ቀዝቅዞ አልጽፍ ብሎ ነበር፤ ተነፈሰችበት፣ ፈረመች።

ቆይቶ ነው ከጌቲን የሰማሁት ወሬውን፤
ሁለቱ ተቀምጠው፣ መነጽር ተዋውሰው፣ አነበቡ ውሉን።
ሦስት ድርጅት ጠሩ። አንደኛው ሊትሩን በሃምሳ አለና፣
የጋኑን ኪራይ ከታች ጻፈ፣ በጉንዳን ቁመና።
ሁለተኛው ለስድስት ወር ማር ነው፣ ከዚያ ወዲያ እሬት፤
ሦስተኛው ስልሳ ስድስት፣ ሁለት ዓመት የማይነቃነቅ እንደ መሬት።
እሱን ያዘች።

ግንቦት ላይ ከቢሮ ስልክ ተደወለ፣
«የላይኛዋ ለቀቀች፤ ምን ብለሃት ነው?» ተባለ።
«ስለ ድመት ነው ያወራነው» አልኩ።
እውነቴን ነው። ሌሊቱን እንደ ሕፃን ተኛሁ።
ውሸቴን! ነቅቼ የልጆቼን ጫማ ቆጠርኩ።

ዘንድሮ ታኅሣሥ፣ የጋኗ ቀለም ተለውጧል፣
አረንጓዴ ቦቴ፣ የሌላ ሰው ቦቴ፣ ከበሯ ይቆማል።
እኔ ወደ ጌቲን አልፋለሁ።
ከግድግዳዋ የቦይለሩ ነጭ ትንፋሽ
ወደ መንገዱ ያዘነብላል።
ነፋስ ነው፤ አውቃለሁ።
ቢሆንም ባርኔጣዬን አነሳሁ።

ጎማዬን ጠቅልዬ ስመለስ፣ ከወንበሬ ላይ
አንድ ሹራብ ተጣጥፎ አገኘሁ። ወረቀት የለውም።
እዚያው፣ በመሪው ፊት፣ ለበስኩት።
እጅጌው ትንሽ ያጥራል።